ሚስት ሥራ ስትይዝ ከጆብሴንተር ስንት ይቀነሳል? (ጀርመን)

ማይን ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የጆብሴንተር (የድጎማ ቢሮው) ሒሳብ ለሚገባችሁ ጥያቄ አለኝ። አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ4 እና የ9 ዓመት ልጆቻችን። የእኔ አርባይትስሎዘንጌልድ (የሥራ አጥ መድን ክፍያ) ካለቀ ወዲህ ቡርገርጌልድ (የመንግሥት መሠረታዊ ድጎማ) ላይ ነን። ኪራዩ ከነማሞቂያው 980 ዩሮ ሲሆን ጆብሴንተር ሙሉውን ተቀብሎታል። አሁን ባለቤቴ በአረጋውያን መጦሪያ የግማሽ ቀን ሥራ አግኝታለች። ብሩቶው (ያልተጣራው ደመወዝ) 1,400 ዩሮ ነው፤ ውሉ ደመወዝ በተከታዩ ወር በ15ኛው ቀን ይከፈላል ይላል።

አንዱ «ያገኘችውን ያህል ይቆርጡባችኋል፣ ለከንቱ ነው የምትደክመው» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «የእሷ ደመወዝ የእሷ ነው፣ ያንተን አይነካም» ይላል። ማንን ልመን? ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የመጀመሪያው ወር ነው። ገንዘብ እንዳይቋረጥብን፣ በኋላም «መልሱ» እንዳንባል ምን እናድርግ?

ዶርትሙንድ ሰፈር፦

ሁለቱም ተሳስተዋል። «ያንተን አይነካም» ያለህ ሰው ያሰበው አርባይትስሎዘንጌልድ አንድን ይመስለኛል። እሱ ከደመወዝህ በተቆረጠ መዋጮ የመጣ መድን ስለሆነ ሚስትህ 5,000 ብታገኝም አይነካም። የሚነካው ያንተው የጎን ሥራ ነው፤ ከሳምንት 15 ሰዓት በታች መሆን አለበት፣ በወር ከ165 ዩሮ በላይ ያለው ይቀነሳል። ቡርገርጌልድ ግን ሌላ ነገር ነው። ባልና ሚስት አብረው እስከኖሩ ድረስ ጆብሴንተር የሚያያቸው እንደ አንድ ኪስ ነው፤ በዳርፍስገማይንሻፍት የሚሉት ይኸው ነው። ስለዚህ የእሷ ደመወዝ ያንተንም የልጆቹንም ይነካል፤ የማይነኩት ድርሻ ግን አለ።

በቁጥር እንየው። የ2025 ልክ ለአንተ 506፣ ለእሷ 506፣ ለ4 ዓመቱ 357፣ ለ9 ዓመቱ 390 ነው። ኪራዩ 980 ሲጨመርበት 2,739 ይሆናል። ኪንደርጌልድ (የልጅ አበል) በ2025 ለያንዳንዱ ልጅ 255 ነበር፤ የሁለቱ 510 እንደ ልጆቹ ገቢ ተቆጥሮ ሲቀነስ 2,229 ይቀራል። በዚህ ላይ ለያንዳንዱ ልጅ 25 ዩሮ ጭማሪ አለ። በ2025 ልክ ከሥራው በፊት ከጆብሴንተር የምታገኙት 2,279 መሆን አለበት ማለት ነው። ካልሆነ ደመወዙን ከመቁጠራችሁ በፊት በሻይዱን (የውሳኔ ደብዳቤውን) አውጥታችሁ የጎደለውን ፈልጉ።

ወደ ደመወዙ ስንመጣ፣ የሚተዉላችሁ ገንዘብ ፍራይቤትራግ ይባላል። የሚሰላው ከብሩቶው ነው፤ የሚቀነሰው ግን ከኔቶው (ከተጣራው ደመወዝ) ነው። ሰው ሁሉ የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው 100 ዩሮ ነጻ ነው። ከ100 እስከ 520 ካለው 20 በመቶ፣ ማለትም 84። ከ520 እስከ 1,000 ካለው 30 በመቶ፣ 144። ከ1,000 በላይ 10 በመቶ ነው፤ እሱም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላላቸው እስከ 1,500፣ ለሌላቸው እስከ 1,200 ድረስ ብቻ። በእናንተ 400 ላይ 40 ይሆናል። ድምሩ 368 ዩሮ ነው።

በ1,400 ብሩቶ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮው የሚዲጆብ (የዝቅተኛ ደመወዝ) ቅናሽ ስላለው፣ ግብሩም ሽቶየርክላሰ (የግብር ምድብ) 4 ላይ ከቁጥር የሚገባ ስላልሆነ፣ ኔቶው ወደ 1,160 እንበል። ከ1,160 ላይ 368 ሲነሳ 792 ነው፤ የሚቆረጥባችሁ ይሄ ነው። ጆብሴንተር ከ2,279 ወደ 1,487 ይወርዳል። ቤት ይገባ የነበረው ከነኪንደርጌልዱ 2,789 ነበር። አሁን ደመወዝ 1,160፣ ጆብሴንተር 1,487፣ ኪንደርጌልድ 510፤ በድምሩ 3,157። በወር 368 ዩሮ «ለከንቱ» የሚባል አይመስለኝም።

ካሰል ኤም፦

ሒሳቡ ልክ ነው። እኔ በሻይዱ ሲመጣ የሚታየውን ልጨምር። የመጀመሪያውን ገጽ አይታችሁ አታስቀምጡት፤ ከኋላ የተያያዘውን የስሌት ሠንጠረዥ፣ ቤሬኽኑንግስቦገኑን ግለጡት። ለያንዳንዳችሁ አንድ ዓምድ አለ። እዚያ ላይ 792ቱ ዩሮ ከባለቤትህ ዓምድ ብቻ ሳይሆን ከአራታችሁም ተቀንሶ ታገኘዋለህ። እንደ እያንዳንዱ ሰው የፍላጎት መጠን ነው የሚከፋፈለው። የአንተ ፍላጎት 506 ከኪራዩ ሩብ 245 ጋር 751 ነው፤ የእሷም እንደዚያው። የልጆቹ ኪንደርጌልድ ከተቀነሰ በኋላ 347 እና 380 ነው። ስለዚህ ከአንተ 266.84፣ ከእሷ 266.84፣ ከትንሹ 123.30፣ ከትልቁ 135.02 ይነሳል፤ ሳንቲሙ በማጠጋጋት ትንሽ ሊለይ ይችላል።

ብዙ ሴቶች «ደመወዜ ለራሴ ይበቃል፣ እኔን ለምን የጆብሴንተር ሰው ትላላችሁ?» ብለው ይቆጣሉ። እውነት ነው፣ 792 ከእሷ 751 ይበልጣል። ሕጉ ግን ቤቱ በሙሉ እስካልተሸፈነ ድረስ እያንዳንዱን ሰው እንደ ተረጂ ይቆጥራል። ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። ትርፍ ተከፍሎ መልሱ ሲባል ዕዳውም በዚሁ መንገድ በአራት ይከፈላል፤ የ4 ዓመት ልጅ ስም የተጻፈበት የክፍያ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ እንዳትደነግጡ።

በሠንጠረዡ ላይ ሁለት ስህተት ፈልጉ። አንደኛው ብሩቶ በሚለው መስመር ኔቶው ተጽፎ ከሆነ ፍራይቤትራጉ ያንሳል። ሁለተኛው ጣሪያው 1,500 መሆኑ ቀርቶ 1,200 ተደርጎ ከሆነ 348 ይወጣል፤ በወር 20 ዩሮ ጠፋ ማለት ነው። ደብዳቤው በደረሳችሁ በአንድ ወር ውስጥ ቪደርሽፕሩህ (ተቃውሞ) በጽሑፍ ይገባል። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ዩበርፕሩፉንግስአንትራግ የሚባል እንደገና የማስመርመሪያ ማመልከቻ አለ፤ ወደኋላ የሚመለሰው ግን ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው።

ስለ 100ው ዩሮም ልናገር። ይህ ለትራንስፖርት፣ ለመድንና ለሥራ ወጪ በጅምላ የተተወ ነው። ብሩቶው ከ400 በላይ ከሆነና ትክክለኛው ወጪ ከ100 ከበለጠ ትልቁ ይያዛል። ዶይችላንድቲኬት (የወር የትራንስፖርት ካርድ) በ2025 ዋጋ 58፣ የመድን 30፣ የሥራ ወጪ ጅምላ 15.33፤ ድምሩ 103.33። በዚህ የምታገኙት 3.33 ብቻ ነው። መኪና ከሆነ ግን ለአንድ መንገድ በኪሎ ሜትር 20 ሳንቲም ነው። 25 ኪሎ ሜትር በ19 የሥራ ቀን 95 ይሆናል፤ 30 እና 15.33 እንዲሁም የመኪናው ግዴታ መድን፣ ለምሳሌ 40፣ ሲጨመር 180.33። በወር 80 ዩሮ ተጨማሪ ተረፈ ማለት ነው። ጆብሴንተር ግን ራሱ ፈልጎ አይሰጥም፤ የመድኑን ደረሰኝና የመንገዱን ርቀት አያይዛችሁ ጠይቁ። አውቶቡስ በርካሽ የሚያደርስ ከሆነ የመኪናውን ሒሳብ ላይቀበሉ ይችላሉ። በጀርመን ሰዓት ለጠዋት 6 ፈረቃ የሚደርስ አውቶቡስ እንደሌለ የሚያሳይ የጊዜ ሠንጠረዥ ማያያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አቋራጭ መንገድ፦

ይሄ ሁሉ ሒሳብ ምን ያደርጋል። አንዳችሁ አድራሻ ወደ ዘመድ ቤት አዙሩና «ተለያይተናል» በሉ፣ አለቀ።

ዶርትሙንድ ሰፈር፦

ይሄን ምክር ማንም እንዳይሰማ። አድራሻ ማዞር መለያየት አይደለም። ጆብሴንተር ቤት ድረስ የሚመጣ ሠራተኛ አለው፤ የሥራ ምዝገባውንም በኮምፒውተር ያመሳክራል፤ ሚኒጆብ (ትንሽ ደመወዝ ያለው ሥራ) እንኳን አያመልጥም። የተከፈለው በሙሉ ተመልሶ ይጠየቃል፤ ጉዳዩም ማጭበርበር ተብሎ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። በጋብቻ የመጣ ሰው ካለ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱ አብሮ በመኖር ላይ የቆመ ነው፤ «ተለያየን» ብሎ በእጁ መፈረም ማለት ፈቃዱን አደጋ ላይ መጣል ነው።

«ሳንጋባ ብንኖርስ» ለሚሉም ያው ነው። አብረው አንድ ዓመት ከኖሩ ወይም የጋራ ልጅ ካላቸው ጆብሴንተር እንደ ባልና ሚስት ይወስዳቸዋል፤ አይደለንም ካሉ ማስረዳት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ልጁ የእሷ ብቻ ቢሆንም አብሮ የሚኖረው አጋር ገቢ ለልጁም ይቆጠራል።

ማይን ዳር፦

አድራሻ ማዞሩ እንኳን አልታሰበም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግልጽ ሆነልኝ። አንድ ልጨምር፦ እኔም ሚኒጆብ ብይዝ ይሻላል ወይስ እሷ ሰዓቷን ብትጨምር? ቀጣሪዋ ሙሉ ቀንም ይቻላል ብሏል።

ኑርንበርግ 09፦

እዚህ ክር ላይ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ፍራይቤትራግ ለቤተሰብ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሚሰጥ ነው። አንተ በ2025ቱ ጣሪያ 556 ዩሮ ሚኒጆብ ብትይዝ መቶው ዩሮ ለአንተም እንደገና ይቆጠራል፦ 100፣ 84፣ ከ520 በላይ ባለው 36 ላይ 10.80፤ ድምሩ 194.80። ከእሷ 368 ጋር 562.80 ይተርፋችኋል። ያንኑ 1,956 ብሩቶ እሷ ብቻዋን ብታገባው የሚተወው 378 ነው፤ ከ1,500 በላይ አንድም ሳንቲም አይተውም። ድምሩ አንድ ሆኖ በወር 184.80 ልዩነት ይመጣል። ቡርገርጌልድ ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ሁለት ትንንሽ ደመወዝ ከአንድ መካከለኛ ደመወዝ ይሻላል። ሕጉ እንዲህ ሆኖ መሠራቱ ጥሩ ነው አልልም፤ ከ1,500 በላይ ሰዓት መጨመርን ዋጋ ያሳጣዋል።

ሚኒጆቡ ላይ ከጡረታ መዋጮ ነጻ መውጫ ቅጽ ይሰጡሃል። አትፈርም። መዋጮው 3.6 በመቶ፣ ወደ 20 ዩሮ ነው፤ ከገቢህ ላይ ቀድሞ ስለሚቀነስ የሚቆረጠው ቡርገርጌልድም በዚያው ልክ ያንሳል። ኪስህን ሳይነካ የጡረታ ወር ይቆጠርልሃል።

ከጥር 2026 ጀምሮ የሚኒጆብ ጣሪያ 603 ነው፤ የሚተወው 208.90 ይሆናል። ኪንደርጌልድም 259 ነው፣ ግን ከልጆቹ ድርሻ ላይ ስለሚቀነስ ጭማሪው እናንተ ጋ አይደርስም። 506፣ 357 እና 390ው ባሉበት ይቀጥላሉ።

ሙሉ ቀኑን ግን በዚህ ሒሳብ ብቻ አትመዝነው። ሙሉ ቀን ከቡርገርጌልድ ለመውጣት ነው። ያለ ሌላ ድጋፍ ለመውጣት ኔቶዋ በ2025 ሒሳብ 2,229 ላይ 378 ተጨምሮ 2,607 መድረስ አለበት። ነገር ግን ኪንደርሱሽላግ (የልጅ ማሟያ ድጎማ) እና ቮንጌልድ (የኪራይ ድጎማ) ሲጨመሩ ከዚያ እጅግ ባነሰ ደመወዝ ይወጣል። ኪንደርሱሽላግ ለአንድ ልጅ እስከ 297 ነው፣ ለሁለቱ 594፤ ለባልና ሚስት ዝቅተኛው ገቢ 900 ብሩቶ ነው። የፋሚሊየንካሰ (የልጅ አበል ቢሮው) ድረ ገጽ ላይ ኪጽ-ሎትሰ የሚባል መጠየቂያ አለ፤ የቮንጌልድ ማስያውን ደግሞ የቤቶች ሚኒስቴር አውጥቶታል። ሁለቱንም ሞልታችሁ ድምሩን ከጆብሴንተሩ ጋር አስተያዩ። ሁለት ጥንቃቄ፦ ኪንደርሱሽላግ የሚያየው ያለፉትን 6 ወራት አማካይ ገቢ ነው፤ ሥራው በተጀመረ በማግስቱ ማመልከት ብዙ ጊዜ ውድቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። አንዴ ከተፈቀደ ግን ለ6 ወር ነው፤ በመካከል ደመወዝ ቢጨምር አይነካም።

ከቡርገርጌልድ ስትወጡ በጆብሴንተር በኩል ያለህ የጤና መድን በዚያው ቀን ያበቃል። በእሷ ፋሚሊየንፈርዚሸሩንግ (የቤተሰብ መድን) በነጻ ትገባለህ፤ ቅጹን ለክራንከንካሰው (ለጤና መድን ድርጅቱ) መላክ ግን የናንተ ሥራ ነው። ይህ የሚሠራው እሷ ከሚኒጆብ በላይ ከሆነች ነው። ሚስት ሚኒጆብ ብቻ ካላት ባሏን ልታስገባ አትችልም።

ዜግነት ለማመልከት ያሰበ ካለ ደግሞ ሙሉ ቀን ክብደት አለው። ከሰኔ 2024ቱ ሕግ ወዲህ ቡርገርጌልድ የሚወስድ ሰው እንቅፋት አለበት። ካለፉት 24 ወራት ቢያንስ 20ውን በሙሉ ሰዓት የሠራ ግን ማሟያ ቢወስድም ያልፋል። የዚህ ሠራተኛ የትዳር ጓደኛም ትንሽ ልጅ አብሯቸው ካለ በእሷ ወይም በእሱ ሥራ ያልፋል። የግማሽ ቀን ሥራ ይህንን በር አይከፍትም።

ካሰል ኤም፦

ወደ መጀመሪያው ወር ልመለስ፤ ያሳሰበህ እሱ ነውና። ጆብሴንተር የሚቆጥረው የተሠራበትን ወር ሳይሆን ገንዘቡ ባንክ የገባበትን ወር ነው። መጋቢት 1 ብትጀምርና ደመወዙ ሚያዝያ 15 ቢገባ መጋቢት ሙሉ ክፍያ ነው። ከመጋቢት የቆረጡ እንደሆነ ተሳስተዋል፤ የክፍያ ቀኑ ያለበትን የውሉን አንቀጽ አስምራችሁ ቪደርሽፕሩህ አስገቡ።

ችግሩ ሚያዝያ ላይ ነው። ጆብሴንተር ለወሩ የሚከፍለው ቀድሞ ነው። ወይ በመጋቢት መጨረሻ ሙሉውን ይልክና በኋላ 792ቱን ይጠይቃል፣ ወይ ቀንሶ ይልክና እስከ 15 ድረስ እጅ ያጥራል። በመጀመሪያው ከሆነ 792ቱን ለብቻው አስቀምጡት፤ የእናንተ አይደለም። በሁለተኛው ከሆነ ደግሞ በዚያው ወር ገቢ ለሚጠብቅ ሰው የሚሰጥ ብድር አለ፤ ኤስጌቤ ሁለት (የቡርገርጌልድ ሕጉ) ፓራግራፍ 24 ቁጥር 4 ብላችሁ ጠይቁ። በቃል አትጠይቁ፣ ጻፉት።

ውሉ እንደተፈረመ ጆብሴንተር ዲጂታል ላይ የለውጥ ማሳወቂያ ሙሉና ውሉን አያይዙ። ኦንላይን ሲላክ ማረጋገጫ ይወጣል፤ አስቀምጡት። ቀጣሪው የሚሞላውን የገቢ ማረጋገጫ ቅጽ አብራችሁ ለእሱ ስጡት፤ ከመጦሪያ ቤት ቢሮ ሲመለስ ሳምንታት የሚቆይ ወረቀት ነው።

በፈረቃ ሥራ ደመወዙ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ጊዜያዊ በሻይድ ይሰጣችኋል፤ ለ6 ወር በግምት ይከፈልና መጨረሻ ላይ በትክክለኛው ይተካል። የእሑድና የሌሊት ጭማሪ ከግብር ነጻ ቢሆንም ለጆብሴንተር ገቢ ነው። ብዙ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ የሚገባው በዚህ ነው፤ ግምቱ 1,160 ሆኖ እውነተኛው 1,300 ሲወጣ። ስለዚህ ግምቱ ዝቅ ብሎ ከታያችሁ ከፍ እንዲያደርጉት ጠይቁ። 6 ወሩ ሲያልቅ የደመወዝ ወረቀቶቹን አምጡ የሚል ደብዳቤ ቀን ቆርጦ ይመጣል። እሱን ችላ ያለ ሰው የወረቀቱ ማስረጃ ላልቀረበባቸው ወራት መብት አልነበረህም ተብሎ የተከፈለውን ሁሉ ይጠየቃል። የገና ጉርሻ በገባበት ወር ብቻ ይቆጠራል፤ ወደ ቀጣዩ ወር አይሸጋገርም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ከመጀመሪያዋ የሥራ ቀን በፊት አይንሽቲግስጌልድ ይጠየቅላት። ጆብሴንተር ከፈቀደ ለወራት የሚሰጥ የመነሻ ገንዘብ ነው፤ መስጠትም መከልከልም የሠራተኛው ውሳኔ ቢሆንም ሥራው ከተጀመረ በኋላ የመጣ ማመልከቻ ግን አይታይም።